የላም ጆሮ ያለው ዓምድ

ጸናጽል በሰማ ቁጥር ፓሸዱን የእርጥብ ደንገል ሽታ ይሸተዋል። ነገሩ የቆየ ነው። ገና እናቱ ጀርባ ላይ የሚታዘል ሕፃን ሳለ፣ በወርቃማዪቱ እመቤት በሐቶር በዓል፣ ሴቶቹ በአንድ እጃቸው ጸናጽል በሌላው አዲስ የተነቀለ ደንገል ይዘው ከዓባይ ዳር ሲወጡ፣ ከደንገሉ የሚንጠባጠበው ውሃ ግንባሩ ላይ ያርፍ ነበር። ድምፁና ሽታው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እንደ ደህና ባልና ሚስት ተለያይተው አያውቁም።

ፓሸዱ ራሱ ግን ከሚስቱ ከተለየ ሰነበተ። የሚያድረው በሥራው ቦታ፣ ለእመቤታችን ለሐቶር በሚሠራው አዲስ የመቅደስ አዳራሽ ውስጥ፣ አፈር ላይ ነው። የቴብ ከተማ ግንበኞች ዓምዱን ካቆሙ በኋላ አዳራሹን እስከ ዓምዱ አንገት ድረስ በአፈር ይሞሉታል። ጠራቢው አፈሩ ላይ ቁጭ ብሎ ከዓምዱ ራስ ይጀምራል፤ አፈሩ ሲወጣ እሱም አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ ነገ ሰማይ ላይ ሆና የምትታየው የእመቤታችን ፊት ዛሬ ከጠራቢው አፍንጫ ፊት ለፊት ናት።

ሠራተኛው እንደ መርከብ ቀዛፊ የቀኝና የግራ ተብሎ ለሁለት ይከፈላል። የእመቤታችን ፊት በቀኝና በግራ የሚቀረጽበት ዓምድም እንዲሁ። የዚህን ዓምድ የቀኝ ፊት የሚጠርበው ካሃ ነው፤ የግራውን ፓሸዱ። ካሃ የፓሸዱ ሚስት ታላቅ ወንድም ነው። ካሃ የማያውቀው ነገር ቢኖር ዝም ማለት ብቻ ነው።

[ሁለቱም ድንጋዩን መሐል አድርገው ተቀምጠው ይጠርባሉ። ካሃ በየሁለት ቃሉ አንገቱን አስግጎ በዓምዱ ጥግ ብቅ ይላል።]

ካሃ፦ ላም ናት መች አልኩህ!

ፓሸዱ፦ የላም ጆሮ አብጅላት ብለውኛል ጋሼ።

ካሃ፦ ጆሮዋ ነው የላም። እሷ ላም አይደለችም።

ፓሸዱ፦ እሺ። ታዲያ ጆሮውን ከማን ወስደን ነው?

ካሃ፦ ከማንም አልወሰድንም! የራሷ ነው!

ፓሸዱ፦ የራሷ ከሆነማ ላም ናት።

ካሃ፦ [መሮውን አፈሩ ላይ ጥሎ] ፕታህ ሆይ፣ የጠራቢዎች አምላክ፣ ምን በድዬህ ነው? ስማ አንተ። ጥጃ ከመንደሩ ማዶ እምቧ ቢል እናቱ ትሰማለች?

ፓሸዱ፦ ትሰማለች።

ካሃ፦ እመቤታችንም የሰውን ልመና ከሩቅ ትሰማለች። ለዚህ ነው የላም ጆሮ የተሰጣት። ጆሮው ምልክት ነው፤ መስማት ማለት ነው። ገባህ?

ፓሸዱ፦ ገባኝ።

ካሃ፦ ምን ገባህ?

ፓሸዱ፦ ጥጃዎቹ እኛ ነን።

ካሃ፦ [ጥቂት አስቦ] አንተን በሚመለከት ልክ ነህ።

[ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ጥቂት ሠሩ።]

ፓሸዱ፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ?

ካሃ፦ እኔ እያለሁ ማንን ልትጠይቅ ኖሯል?

ፓሸዱ፦ እነዚያ ዳር ዳሩን የቆሙት ዓምዶች ራሳቸው ለምን ተጨፈነ? ሠራተኞቹ ሳይጨርሱ ሄደው ነው?

ካሃ፦ [ብቅ ብሎ] እምቡጥ ነው! የደንገል እምቡጥ! ለመሆኑ ይህ አዳራሽ ምን ይመስልሃል?

ፓሸዱ፦ አፈር የሞላበት ጉድጓድ።

ካሃ፦ ዛሬ ነዋ! አፈሩ ሲወጣ፣ ጣሪያው ሲከደን አስበው። ረግረግ ነው! ዓለም ስትፈጠር ከውሃው ላይ መጀመሪያ ብቅ ያለችው ጉብታ፣ በዙሪያዋም የበቀለው ደንገል። ወለሉ ውሃ ነው። ጣሪያው ኮከብ የተሣለበት ሰማይ ነው። ዓምዱ ደግሞ ደንገሉና ዘንባባው፣ ሰማዩን ደግፎ የያዘ። ዳር ዳሩ ጨለማ ስለሆነ አበባው እንደተጨፈነ ነው። መሐል መሐሉን ግን ከላይኛው መስኮት ፀሐይ ይገባል፤ እዚያ ያለው አበባ ፈክቷል። ንጋት ማለት ነው፤ በድንጋይ የቆመ ንጋት። ገባህ?

ፓሸዱ፦ በጨለማ ይጨፈናል፣ ሲነጋ ይፈካል።

ካሃ፦ ጎሽ!

ፓሸዱ፦ እኔም እኮ እንደዚያው ነኝ። እርስዎ ግን በጨለማ ይቀሰቅሱኛል።

ካሃ፦ ሰነፍን ከደንገል ጋር አታወዳድር።

ፓሸዱ፦ ረግረግ ከሆነስ እንቁራሪቱ የታለ?

ካሃ፦ የምን እንቁራሪት?

ፓሸዱ፦ እንቁራሪት የሌለበት ረግረግ አይቼ አላውቅም ጋሼ። ሌሊቱን ሙሉ የሚጮህ።

ካሃ፦ [እየጮኸ] እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ የሚጮህ ነገር የለም!

ፓሸዱ፦ እውነት ነው። ሌሊት ሌሊት ጸጥ ይላል።

[ካሃ ተጠራጥሮ አየው። የፓሸዱ ፊት እንደ ወትሮው ነበር፤ ካሃም ወደ ትምህርቱ ተመለሰ።]

ካሃ፦ ይህ የእኛ ዓምድ ግን ደንገልም ዘንባባም አይደለም። ጸናጽል ነው። ግንዱ እጀታው፣ መሐል ላይ ፊቷ፣ ከራሷ በላይ ደግሞ ሽቦው የሚያልፍበት ሣጥን።

ፓሸዱ፦ ማን ነው የሚወዘውዘው?

ካሃ፦ ዓምድ እንዴት ይወዘወዛል?

ፓሸዱ፦ ታዲያ የማይወዘወዝ ጸናጽል ምን ይሠራል?

ካሃ፦ ቁጣ ያበርዳል! እመቤታችን ጥንት በአባቷ በፀሐይ አምላክ ተቆጥታ፣ ጥላው ወደ ደቡብ አገር ሄደች። እዚያ አንበሳ ሆና በበረሃው ታገሣ ጀመር። እሷ ከሄደች በኋላ አገሩ ደስታ አጣ፤ ጠላው አልፈላ፣ ዘፈኑ አልጥም አለ። በመጨረሻ ብልሁ አምላክ ዝንጀሮ መስሎ ተላከ። በተረትና በለዘበ ቃል አባብሎ መለሳት። ስትመጣ በጸናጽል ተቀበሏት። ስለዚህ በዚህ ዓምድ ላይ የሚቀረጸው ፊት ቁጣዋ የበረደላት ሴት ፊት ነው። የተረጋጋ፣ ለስላሳ፣ የማንም ሰው ያልሆነ።

[ፓሸዱ በግራ በኩል መሮውን አስቀመጠ።]

ፓሸዱ፦ ጋሼ... ቁጣዋ የበረደላት ሴት ምን ትመስላለች?

ካሃ፦ አታውቅም?

ፓሸዱ፦ እኔ የማውቀው ቤት ያለችውን ነው።

ካሃ፦ አሁንም አላስገባችህም?

ፓሸዱ፦ ትናንት ማታ አንኳኳሁ። «የራስህን ነገር ይዘህ መጣህ?» አለችኝ ከውስጥ ሆና። «አዎን» አልኳት። «ምንድን ነው?» አለች። «ጋሼ ካሃ፣ ሴት ስትቆጣ ዝም ብሎ መታገሥ ነው ብለውኛል» አልኳት።

ካሃ፦ በጣም ጥሩ!

ፓሸዱ፦ መቀርቀሪያውን ስትጥለው ሰማሁ።

ካሃ፦ ቃሉ ግን ትክክል ነበር።

ፓሸዱ፦ «ቤቴ ውስጥ የምሰማው ሁሉ ካሃ እንዲህ አለ፣ ካሃ እንዲያ አለ ነው» ትላለች። «ዳቦው ሲያርር ካሃ። ልጁ ሲያስለው ካሃ። ወንድሜን ከተወለድሁ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ አገባሁት እንዴ? ከራስህ የወጣ አንዲት ነገር እስክታመጣ አፈርህ ላይ እደር» ነው የምትለው። እኔ ደግሞ... ፈለግሁ ጋሼ። ሌሊት ሌሊት ተንጋልዬ ኮከብ እያየሁ ውስጤን ፈተሽሁ። የለኝም። የማገኘው ሁሉ የእርስዎ ነው።

[ካሃ በዚህ ደስ ሊለው ይገባ እንደሆነ አልለየለትም። ፓሸዱ አፍንጫውን በክንዱ ጠረገ።]

ፓሸዱ፦ ልጁን እንኳ ትናንት በግድግዳው ቀዳዳ ጣቱን አውጥቶልኝ ነው የሳምሁት።

ካሃ፦ አይዞህ። ልንገርህ...

ፓሸዱ፦ ጋሼ፣ ያ ዝንጀሮ...

ካሃ፦ ዝንጀሮው ምን ሆነ?

ፓሸዱ፦ እርስዎ አይሄዱልኝም?

ካሃ፦ [ዘሎ ተነሥቶ] እኔን? ዝንጀሮ?

ፓሸዱ፦ ብልህ ነው ብለው ነበር እኮ!

[ካሃ ተቆጥቶ ዓምዱን ዞረ። ፓሸዱ ዘንድ ሲደርስ ግን ዓይኑ ድንጋዩ ላይ አረፈ። የፓሸዱን የእጅ ሥራ ሲያይ ገና የመጀመሪያው ነው። ቆሞ ቀረ።]

ካሃ፦ ይህ ምንድን ነው?

ፓሸዱ፦ እመቤታችን።

ካሃ፦ ይህች? አፏን እየው! የጀመረችውን ሳትጨርስ ሌላ ልትጀምር ስትል! ግንባሯ ላይ ያለውን መስመር እየው! አፍንጫዋ ደግሞ ሽቅብ ተሰቅሎ፣ ሰውን ሁሉ እንደ ተናቀ አሳማ ጠባቂ ቁልቁል የሚያይ! ኸረ ይህችን ሴት አውቃታለሁ።

ፓሸዱ፦ ያውቋታል?

ካሃ፦ እህቴ ናት! ዋብኸት ናት! ከአንድ ማኅፀን ወጥተን እንዴት አላውቃትም?

ፓሸዱ፦ [ጠጋ ብሎ፣ ራቅ ብሎ] ዋብኸት? እኔ እንኳ... አገጩ ግን...

ካሃ፦ አገጩ የአባታችን ነው!

ፓሸዱ፦ እውነትም የእናንተ ቤት አገጭ ነው።

ካሃ፦ አንተ ጉደኛ! የሕያው ሰው ፊት በመቅደስ ዓምድ ላይ! እሱም ሳያንስ የላም ጆሮ ተክለህባት! ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?

ፓሸዱ፦ የበዓሉ ዋዜማ።

ካሃ፦ በዋዜማው ሴቶች ምን ያደርጋሉ?

ፓሸዱ፦ ለእመቤታችን ስጦታ ይሰጣሉ፤ መስተዋት... ዶቃ... [ድምፁ ሰለለ] እዚህ መጥተው።

ካሃ፦ እዚህ መጥተው! እንግዲህ ዋብኸት መጥታ ራሷን በላም ጆሮ ስታይ በሩን የምትከፍትልህ ይመስልሃል?

ፓሸዱ፦ በሩን ነቅላ የምትመታኝ ይመስለኛል።

ካሃ፦ ከዚያ በላይ ደግሞ፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ አፈር ተሸካሚዎቹ ይጀምራሉ። አፈሩ አንዴ ዝቅ ካለ ይህች ፊት ሰማይ ላይ ናት። ማንም አይደርስባትም። ሚሊዮን ዓመት እንዲህ አፏን ከፍታ፣ የልጅ ልጆችህ ከሥር እያዩ!

ፓሸዱ፦ ይፋቁልኝ ጋሼ! እርስዎ ይፋቁልኝ!

ካሃ፦ እኔ? የቀኝ ሰው የግራን ሰው ሥራ አይነካም! ከአባቶቻችን የወረስነው ሕግ ነው። መርከብ ላይ የቀኝ ቀዛፊ የግራውን መቅዘፊያ ይይዛል?

ፓሸዱ፦ እየሰጠሙ ቢሆንስ?

ካሃ፦ እየሰጠሙማ ይልቁንም አይይዝም! በል መሮህን አንሣ። እጁ ያንተ፣ ዕውቀቱ የእኔ። ከቅንድቡ ጀምር። እንዲህ መኮሳተር የለበትም፤ አየህ? እንዲህ! [ቅንድቡን ሰበሰበ።] እንዲህ የሆነ ቅንድብ አልፈልግም!

ፓሸዱ፦ እንደዚያው ይቆዩልኝ። አይንቀሳቀሱ።

[ቋ፣ ቋ፣ ቋ።]

ካሃ፦ ቶሎ በል፤ ግንባሬን ደከመኝ። አባታችን እንዲህ ነበር የሚያስተምረኝ፣ ፊቱን እያሳየ። ነፍሱ ትረፍና፣ የውሃ አበባ ያለባቸውን ዓምዶች በሙሉ እሱ ነው የጠረበው። ጎሕ ሳይቀድ ወደ ኩሬው ወስዶኝ አበባው ሲከፈት ያሳየኝ ነበር። «ካሃ፣ ዝም በልና እይ» ይለኛል። እኔ ግን ገና ሳይከፈት እንዴት እንደሚከፈት እነግረው ነበር። ምን ይለኝ ነበር መሰለህ? «ልጄ፣ አፍህ ከጆሮህ ቀድሞ የተወለደ ነው» ይለኛል። ያደንቀኝ ነበር።

ፓሸዱ፦ ጨረስሁ።

ካሃ፦ እስኪ... [አይቶ] ኸረ ባሰባት! አሁን ደግሞ ቁርጥ እሷን! እሷ ራሷ እሷን ይህን ያህል አትመስልም!

ፓሸዱ፦ ያሳዩኝን ነው የሠራሁት።

ካሃ፦ እኔ ያሳየሁህ የማልፈልገውን ነው!

ፓሸዱ፦ እኔ የታየኝን ነው የምጠርበው ጋሼ። ያልታየኝን በየት በኩል ልጀምረው?

ካሃ፦ እሺ፣ አፉ። አፉን ዝጋው።

ፓሸዱ፦ ድንጋይ ይወጣል እንጂ አይመለስም። በኖራ ልድፈነው?

ካሃ፦ ድፈነው።

ፓሸዱ፦ [ኖራውን በውሃ እያላቆጠ] ምን ዓይነት አፍ ይሁን?

ካሃ፦ ዝም ያለ አፍ ነዋ! እንዲህ!

[ካሃ አፉን ዘጋ። ፓሸዱ ይህን ከዚህ በፊት አይቶት ስለማያውቅ ኖራውን በእጁ እንደያዘ ቆሞ አየው።]

ካሃ፦ [በተዘጋ አፍ] ም! ምም!

ፓሸዱ፦ አልሰማሁም ጋሼ።

ካሃ፦ ቶሎ ሥራ እንጂ፣ ምን ታፈጣለህ!

ፓሸዱ፦ ተከፈተብኝ!

ካሃ፦ ማን ነው የከፈተው? አንተ ነህ ያስከፈትኸኝ! [ዘጋ፤ ወዲያው] እታችኛው ከንፈር ላይ አታብዛ! [ዘጋ] ወደ ግራ! እንደሱ አይደለም!

[ኖራው ደረቀ። የእመቤታችን አፍ ካሃ በመጨረሻ እንደተወው፣ ግማሽ ቃል ላይ ቀረ።]

ካሃ፦ በቃ፣ ፈገግታ ስጣት። ፈገግታ ብዙ ጥፋት ይሸፍናል። እንዲህ... ለስለስ ያለ።

ፓሸዱ፦ ይህንንስ አውቀዋለሁ።

ካሃ፦ ምኑን?

ፓሸዱ፦ «ልንገርህ» ሊሉ ሲሉ የሚመጣው ነው።

ካሃ፦ አይደለም! ልንገርህ...

ፓሸዱ፦ አዎ፣ እሱ! እሱን ይያዙልኝ!

[ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ፓሸዱ ምላሱን በጥርሱ ይዞ ሠራ። የተጣደፈ እጁ እንዲህ ሰምሮለት አያውቅም፤ መሮው ራሱ መንገዱን የሚያውቅ መሰለው። ካሃ መጥቶ አየና እጁን በራሱ ላይ ጫነ።]

ካሃ፦ ጠፋን። ይህን ፊት ያየ ሰው ከሩቁ መንገድ ይቀይራል። ሁሉን አውቃለሁ ባይ! ሌላው ሰው አፉን ሳይከፍት መልሱ ያላት! እንዲህ ካለች ፍጥረት አጠገብ ተቀምጦ ዳቦ የሚበላ ማን አለ?

ፓሸዱ፦ እኔ በየቀኑ እበላለሁ ጋሼ።

ካሃ፦ ምስኪን። እንዴት ቻልኸው?

ፓሸዱ፦ ይለመዳል። ዳቦውን እያዩ ነው።

ካሃ፦ እህቴ ብትሆንም እውነቱን ልናገር፤ ከልቤ ታሳዝነኛለህ።

ፓሸዱ፦ አመሰግናለሁ ጋሼ። እስከ ዛሬ እንዲህ ያለኝ የለም።

[ከታች፣ ከአፈሩ መውጫ በኩል ጸናጽል ተሰማ። ፓሸዱን የእርጥብ ደንገል ሽታ ሸተተው፤ አንድ ጊዜ ከልጅነቱ፣ አንድ ጊዜም ከእውነተኛው ደንገል።]

ፓሸዱ፦ መጣች።

ካሃ፦ ስንት ሴት አለ፤ እሷ መሆኗን በምን አወቅህ?

ፓሸዱ፦ አረማመዷ ነው። ስትቆጣ ተረከዟን ትረግጣለች።

ካሃ፦ ሸፍናት! በጨርቅ! በቅርጫት!

ፓሸዱ፦ ጨርቁ ኖራ ነክቶታል፤ ቅርጫቱ የለም...

[ካሃ የመጨረሻውን አደረገ። ቁጭ ብሎ ጀርባውን ለዓምዱ ሰጥቶ በፊቷ ላይ ለጠፍ አለ። የድንጋዩ ፊት ከሰው ፊት እምብዛም ስለማይበልጥ ደህና ተሸፈነ። የላም ጆሮዎቹ ግን ከካሃ ራስ ግራና ቀኝ ብቅ ብለው ቀሩ።]

[ዋብኸት አፈሩ ላይ ወጥታ መጣች። ዓይኗን ተኩላለች፤ ነጭ በፍታ ለብሳለች። በአንድ እጇ ጸናጽልና ደንገል፣ በሌላው ቅርጫት ይዛለች። ባሏን አላየችውም፤ «አላየሁህም» በሚል አኳኋን ነው ያላየችው። በቀኝ በኩል ባለው የካሃ ሥራ ፊት ቆመች።]

ዋብኸት፦ ይህች ደህና ናት። ማን ናት?

ካሃ፦ [ከወዲያ ሆኖ፣ ሳይንቀሳቀስ] ማንም አይደለችም! መስመር ስቤ፣ ለክቼ የጠረብኋት ናት። የማንም ሰው ፊት የለባትም!

ዋብኸት፦ ያስታውቃል። [ዞራ መጣች፤ ካሃን አይታ ቆመች።] ወንድም ጋሼ፣ ምን ሆነሃል?

ካሃ፦ ምን ሆንሁ?

ዋብኸት፦ ጆሮህ።

ካሃ፦ ጆሮዬ ደህና ነው።

ዋብኸት፦ በጣም ደህና ነው። አድጓል።

ካሃ፦ ጀርባዬን አሞኝ ተደግፌ ነው። አንቺ ስጦታሽን እዚያ አኑሪና ሂጂ።

ዋብኸት፦ ዞር በል።

ካሃ፦ እህቴ፣ አስቀድሜ ልንገርሽ...

ዋብኸት፦ ዞር በል አልኩህ።

ካሃ፦ ይህ ሰው ሞኝ ነው፤ ክፋት ግን የለበትም። አንቺን ሌት ተቀን ሲያስብ እጁ አመለጠው። ያ አፍ፣ ያ ግንባር፣ ያ አፍንጫ... ማንም ቢያየው ይጠላዋል፤ እኔም ነግሬዋለሁ። ግን የልጅሽ አባት ነው። ይቅር በይው!

[ዋብኸት በክንዱ ይዛ ገለል አደረገችው። ድንጋዩን አየች። ወንድሟን አየች። እንደገና ድንጋዩን። ፓሸዱ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ሰብሮ ጠበቀ። የሰማው ግን ሳቅ ነው። አዲስ ሙሽሮች ሳሉ፣ ጣሪያው ላይ ተኝተው እሱ ከዋክብቱን በፍየሎቹ ስም ሲጠራላት የምትስቀው ያ ሳቅ። የጠፋ መስሎት ነበር።]

ካሃ፦ ምን ያስቅሻል? ራስን በላም ጆሮ ማየት ያስቃል?

ዋብኸት፦ ራሴን?

ካሃ፦ አንቺ ነሽ እኮ!

ዋብኸት፦ ወንድም ጋሼ፣ በሕይወትህ ፊትህን አይተህ ታውቃለህ?

ካሃ፦ ስንት ጊዜ ዓባይ ላይ አይቼዋለሁ።

ዋብኸት፦ ውሃ ልትጠጣ ጎንበስ ብለህ ነው። ያን ጊዜ አፍህ ሥራ ይዟል። [ከቅርጫቷ ለእመቤታችን ያመጣችውን የመዳብ መስተዋት አውጥታ] እንካ። አሁን ተቆጣኝ።

ካሃ፦ እኔ ስለ ምን እቆ... 

[መስተዋቱ ውስጥ አየ። ቅንድቡን ሰበሰበ፤ ቀና ብሎ ድንጋዩን አየ፤ ድንጋዩም ሰብስቧል። «ልንገርሽ» ሊል ፈገግ አለ፤ ድንጋዩ ቀድሞታል።]

ካሃ፦ ፓሸዱ!

ፓሸዱ፦ አቤት ጋሼ።

ካሃ፦ አውቀህ ነው?

ፓሸዱ፦ አላውቅም ጋሼ። ቀና ባልሁ ቁጥር በዚያ ጥግ ብቅ የሚለው እሱ ነበር። ሌላ ፊት ከየት ላምጣ?

ካሃ፦ ፋቀው! አሁኑኑ ፋቀው!

ፓሸዱ፦ ከዚህ በላይ ከፋቅሁት አፍንጫው ይሄዳል።

ካሃ፦ አምጣ መሮውን፣ እኔ ራሴ...

ፓሸዱ፦ [መሮውን ከጀርባው ደብቆ] አይሆንም። የቀኝ ሰው የግራን ሰው ሥራ አይነካም።

ካሃ፦ ማነው እንዲህ ያለው?

[ፓሸዱ እንደ ልማዱ «ጋሼ ካሃ» ሊል አፉን ከፈተ። አልወጣለትም። ድንጋዩን አየ፤ እጁ ላይ የደረቀውን ኖራ አየ።]

ፓሸዱ፦ እኔ። አሁን እኔ ነኝ ያልሁት።

ዋብኸት፦ [ወደ ባሏ ዞራ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እያየችው] ምን አልህ?

ፓሸዱ፦ አይነካትም አልሁ። የእኔ ሥራ ናት።

[ከታች የአፈር ተሸካሚዎቹ ዘፈን እየቀረበ መጣ።]

ዋብኸት፦ ይህን ወንድሜ ነው ያስቀረጸህ?

ፓሸዱ፦ እሳቸውማ ሲከለክሉኝ ነው የዋሉት።

ዋብኸት፦ እንግዲያው ና፣ ምንጣፍህን ጠቅልል። ምስር በሽንኩርት ሠርቻለሁ። ልጁም በሩ ላይ ተቀምጧል።

[ፓሸዱ ምንጣፉን ለመጠቅለል ሲንበረከክ ጫፉን ሁለት ጊዜ ሳተው።]

ካሃ፦ ቆይ እንጂ! አፈሩ ሊወርድ ነው እኮ! ሚሊዮን ዓመት! ለመሆኑ ምኑ ነው እኔን የሚመስለው? ደህና አድርገሽ እዪው። በፍጹም አይመስለኝም!

ዋብኸት፦ [ጠጋ ብላ፣ በጥንቃቄ መርምራ] ልክ ነህ። የማይመስልህ ነገር አለው።

ካሃ፦ አላልኩም! አየህ ፓሸዱ? ምኑ ነው የማይመስለኝ?

ዋብኸት፦ ጆሮው። እሱ ይሰማል።

[ካሃ አፉን ከፈተ። ከዚያም ዘጋው። የመጀመሪያው የአፈር ተሸካሚ ባዶ ቅርጫቱን በትከሻው አድርጎ ሲወጣ፣ ካሃ የእመቤታችንን መስተዋት ፊቱ ላይ እንደያዘ፣ ደህና ዋሉ ሳይል፣ በአፈሩ መውረጃ ወርዶ ሄደ።]